«ሹም»፣ «ተሿሚ» ወይስ «ባለሥልጣን»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። ለአንድ ደንበኛዬ «ጉዳዬን አሁን ያሉት ሹም ያውቁታል» ብዬ ብጽፍላቸው «በጃንሆይ ጊዜ ነው እንዴ ያለነው? ባለሥልጣን በል» ብለው አስቀየሩኝ። አጠገቤ የሚጽፈው ጓደኛዬ ደግሞ «ተሿሚ» ይሻላል ይላል። ቃላቱ አንድ ናቸው? ዛሬ በወንበሩ ላይ ላለ ሰው የሚስማማው የቱ ነው?

መልስ፦ ደንበኛዎ ከፋይ ናቸውና ማስቀየር መብታቸው ነው። «ሹም»ን የጃንሆይ ዘመን ቅርስ ማድረጋቸው ግን አልተዋጠልኝም። የግእዙ «ሤመ» በአማርኛ «ሾመ» ሆነ፤ «ሢመት» ወደ «ሹመት»፣ «ሥዩም» ወደ «ሹም» ዞሩ። ስም ስናወጣ የምንለው «ሰየመ»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ነገሥታቱ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ሲባሉ የእግዚአብሔር ሹም ነን ማለታቸው ነበር፤ እነሱም ሿሚ አላቸው። ከእኛ ከወሎዎች ማዶ የዋግ ገዢ ማዕርጉ «ዋግሹም» ነበር፤ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስኪነግሡ ድረስ የሚጠሩት በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው። «ሥዩም» እንደ «ክቡር»፣ እንደ «ስውር» ሳድስ ቅጽል፣ ማለትም በሳድስ ፊደል የሚያልቅ ገላጭ ቃል ነው። መሾሙ አልፏል፣ ሹመቱ ግን አለ። ስለዚህ «ሹም» ተሾሞ ገና ያልተሻረ ሰው ነው፤ እርስዎ የፈለጉትም ይኸንኑ ነው። «ተሿሚ» ግን «ተሾመ» ከሚለው ከተገብሮው ግስ የወጣ፣ በሣልሱ «ሚ» የሚያልቅ ሣልስ ቅጽል ሲሆን ጊዜ አይለይም፤ ነገ የሚሾመውንም፣ ዛሬ ቃለ መሐላ የሚፈጽመውንም ይይዛል። ሦስት ዓመት ወንበር ላይ የቆየን ሰው «ተሿሚ» ስለው ሹመቱ ገና ያልጸደቀለት ይመስለኛል። ሕጉ በዚህ አይስማማኝም። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 «ተሿሚ፣ ተመራጭና የመንግሥት ሠራተኛ» ብሎ ሦስቱን ለይቶ ያስቀምጣል፤ «ተሿሚ» ሲልም በሥራ ላይ ያለውን ይጨምራል። አዋጅ ያጸናውን እኔ አልነቅለውም። ልዩነቱም ይጠቅማል፤ ሕዝብ መርጦት ምክር ቤት የገባን ሰው ተሿሚ ማለት አይገባም።

«ባለሥልጣን» ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። «ሥልጣን» «ሠለጠነ» ካለው ግስ ጋር ነው፤ ሥልጣኔም ሥልጠናም ከዚያው ናቸው። የዐረብኛው «ሡልጣን» ዘመዱ ሲሆን፣ እሱም መጀመሪያ ኃይልንና ሥልጣንን እንጂ ሰውን አያመለክትም ነበር፤ በኋላ የገዢ መጠሪያ ሆነ። ደሴ ውስጥ ሥዩምና ሡልጣን የሚባሉ ልጆች በአንድ ሰፈር ኳስ ሲራገጡ ሁለቱም የሹመት ስም እንደ ያዙ አያውቁም። እኛ ሰው ለማድረግ «ባለ» ጨመርንበት። «ባለ» ከ«ባል» ጋር ወገን ነው፤ ጌታ፣ ባለንብረት ማለት ነው፤ ባለቤት፣ ባለሱቅ እንደምንለው። ሹም የተሰጠውን የያዘ ነው፤ ባለሥልጣን ሥልጣኑ የራሱ የሆነ ይመስላል። «ሹም» ጭቃ ሹምንና ጉልትን ያስታውሳል የሚሉ አሉ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ይጠቅሱብኛል። ተረቱ የሚወቅሰው በላተኛውን ነው፤ ቃሉ ምን አደረገ? እነዚሁ ሰዎች ወዳጃቸው ሲሾም «ሹመት ያዳብር» ይላሉ፤ ዜናውን ሲያወሩም «ሹም ሽር ተደረገ» ይላሉ። ሹመቱን ወድደው ሹሙን መጥላት አልገባኝም።

ከዚያ «ባለሥልጣን» ሰውነቱንም ተወና መሥሪያ ቤት ሆነ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ ቃሉ ሁለት ቤት ነው የሚያድረው። ሰውና መሥሪያ ቤቱን የሚለይልን ግሱ ብቻ ነው። «ባለሥልጣኑ የሐረጎን መንገድ ይጠግናል» ካሉ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ «ይጠግናሉ» ካሉ አንቱ የተባለ ሰው ነው። ማመልከቻዎ ላይ አንቱታውን ከረሱት ጉዳዩ ከሰውየው ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ኃላፊ» ሥራውን እንጂ ማዕርጉን አይነካም፤ ለቢሮ ደብዳቤ ደኅና ነው። «ተጠባባቂ» ወንበሩን በጊዜያዊነት የያዘ ነው። «ተሰናባች» ሊወርድ የተቃረበ ነው። «ባለጊዜ» ሐሜት ስለሆነ ከማመልከቻ ያርቁት።

እንግዲህ ምን ይጻፉ? ልማዱ «ባለሥልጣን»ን መርጧል፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም እንዲያ ነው፣ እኔ ብቻዬን አልመልሰውም። ሰውየው የሚታወቁ ከሆነ ግን ከሁሉም የሚሻለው የሥራ መጠሪያቸውን መጥራት ነው፤ «የአሁኑ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ» ቢሉ አንባቢው ማንን እንደ ሆነ ያውቃል፣ «አሁን ያሉት ባለሥልጣን» ቢሉ ግን ከአምስቱ ቢሮ የቱ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ነው። ደንበኛዎ የሚከፍሉት ጉዳያቸው እንዲፈጸም ነውና «ሹም»ን ለዚያ አያውሉት፤ እኔ በራሴ ጽሑፍ ማለቴን አልተውም።