ርካሹ ከተማ ወይስ ውዱ?

ጥያቄ፦ እያከራየሁ ቢያንስ 15 ዓመት የማቆየው ቤት ልገዛ ነው። ሁለት ከተሞች ለይቻለሁ። በአንደኛው የቤት ዋጋ የ9 ዓመት ኪራይ ያህል ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ይሠራል። በሌላኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሎችና ብዙ ድርጅቶች አሉ፤ ዋጋው ግን የ22 ዓመት ኪራይ ነው። ሁለቱም ከምኖርበት ሩቅ ናቸው። የቱ ይሻለኛል?
(ቆጣቢው አንባቢ)

መልስ፦ 9 ዓመት የሚለው ቁጥር አያጓጓዎት። ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና ቤቱ ባዶ የሚያድርበት ጊዜ አልተነሣለትም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አከራዮች የብድር ክፍያን ሳይጨምሩ የኪራዩን ግማሽ ለወጪ ይይዛሉ። በዚህ ስሌት 9ኙ 18 ሆነ። ርካሽ ከተማ ላይ እንዲያውም ይብሳል፦ ጣሪያ ማስቀየር በሁለቱም ከተሞች የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይራራቅም፣ ኪራዩ ግን ይራራቃል። አንዱ ጋ የጥቂት ወር ኪራይ የሚበላ ጣሪያ ሌላው ጋ የዓመቱን ጠርጎ ይወስዳል። ሩቅ ስለሆኑ ቤቱን ለሚጠብቅልዎት ሰው የሚከፍሉትም አለ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፋብሪካው ነው። በመኪና ፋብሪካዎች የቆመችው ዲትሮይት በ1950 እ.ኤ.አ. 1.85 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 ወደ 714 ሺህ ወረደ፤ በ2013 የከተማው አስተዳደር ራሱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ሰው ጓዙን ጭኖ ይሄዳል፣ ቤቱ እዚያው ይቀራል። ያው የቤት ብዛት ለጥቂት ተከራይ ሲሻማ ዋጋው ቤቱን ለመሥራት ከወጣው በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ልሽጥ ቢሉም ገዢ የለም።

ሁለተኛውንም ግን አይኔን ጨፍኜ አልመርቅልዎትም። 22 ዓመት ማለት ወጪ ሳይነሣ በዓመት የቤቱን ዋጋ 4.5 በመቶ ማግኘት ነው፤ ግማሹ ሲሄድ 2.3 ገደማ ይቀራል። የሚበደሩበት የባንክ ወለድ ከዚህ ከበለጠ ተከራዩን የሚያኖሩት ከኪስዎ እየጨመሩ ነው። ኪራዩ ሲያድግ ይካካሳል እንዳይሉ፣ በርሊን በ2020 ኪራይ ባለበት እንዲቆም ሕግ አውጥታ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት ሻረው እንጂ።

በራስዎ ገንዘብ ከሆነ ሁለተኛውን ይግዙ። በብድር ከሆነ ሁለቱንም ይተዉና የተለያየ ሥራ ያለበት፣ ዋጋው ከ14 ወይም ከ15 ዓመት ኪራይ የማይዘል ሦስተኛ ከተማ ይፈልጉ። ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ሰፈር የኪራይ ማስታወቂያዎች ለጥቂት ወራት ይከታተሉ። ያው ቤት ዋጋውን እየቀነሰ ደጋግሞ ከወጣ፣ ደላላው የሚነግርዎትን ኪራይ አይመኑ።