አዲሱ የመኖ መክተፊያ ቺንጋ ለምን ላላ?

ከሱሉልታ ወተት ላም የሚያረቡ አንባቢ ጠይቀውኛል። በናፍጣ ሞተር የሚሠራ የመኖ መክተፊያ አላቸው። ሁለት ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ጎን ለጎን ያዞሩታል። ሁለቱም ተሰነጣጥቀው፣ የተጻፈባቸው ቁጥርም ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ አንዱን አውጥተው በጀርባው በኩል ዙሪያውን በሜትር ለኩት። 162 ሳንቲም ሆነ። ወደ ኢንች ሲቀይሩት 64 መጣላቸው፤ መርካቶ ሄደው ሁለት «ቢ64» ገዙ። አሁን ሞተሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበውትም ቺንጋው እንደላላ ነው። ገለባ ሲገባ ይጮኻል፣ የጎማ ሽታ ያመጣል። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?» ይላሉ። ቺንጋው የሚዞርባቸውን ፑሊዎች (መዘውሮች) ስፋትም፣ ማለትም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ዲያሜትር፣ ጨምረው ልከውልኛል፤ ትንሹ 13፣ ትልቁ 26 ሳንቲም።

ፎርጅድ አይመስለኝም። ቺንጋው ረዝሞብዎት ነው። የለኩት ልክ ነው፤ የተሳሳተው የቁጥሩ አተረጓጎም ነው። በኤ፣ በቢ እና በሲ ቺንጋዎች ላይ ፊደሉ የቺንጋውን የስፋት ዓይነት ሲለይ፣ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የውስጥ ዙሪያውን በኢንች ይናገራል። እርስዎ ግን የለኩት የውጩን ነው። የቢ ቺንጋ ውፍረት 11 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ምክንያት የውጭ ዙሪያው ከውስጡ ወደ 7 ሳንቲም ይበልጣል። ከ162 ላይ 7 ሲቀንሱ 155 ይቀራል፤ እሱ ደግሞ 61 ኢንች ነው። የሚፈልጉት ቢ61 ነበር። ሦስት ኢንች ትርፍ ቺንጋ ለመወጠር ሞተሩ ወደ 4 ሳንቲም ገደማ ተጨማሪ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ያን ያህል ቦታ ያለው የሞተር መቀመጫ ብዙ አይገኝም።

ለኤ ቺንጋ የሚቀነሰው 5 ሳንቲም ነው፣ ለሲ ደግሞ 9 ገደማ። ተበጥሶ ወለል ላይ የተዘረጋ ቺንጋ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጥ ብሎ ሲተኛ የሚነግርዎት በውስጡ ያለውን ክር ርዝመት ነው። የቢ ከሆነ 4 ሳንቲም ያህል ብቻ ይቀንሱ።

እኔ ግን አሮጌ ቺንጋን ብቻ አምኜ አልገዛም። ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ጎኑም ይበላል። ከዚያ በፊት የገጠመው ሰው ራሱ የተሳሳተ ቁጥር ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን ይለኩ። ሞተሩን ያጥፉ፣ ነዳጁን ይዝጉ። ሞተሩን በቡሎኖቹ መንሸራተቻ ላይ ያስተካክሉት፤ ወደ ፊት ለማስገቢያ ትንሽ፣ ወደ ኋላ ለመወጠሪያ ሰፋ ያለ ቦታ ይተው። ከዚያ የማይለጠጥ ሲባጎ በሁለቱ ፑሊዎች ጠርዝ ላይ ጠቅልለው ርዝመቱን ይለኩ። የሚያገኙት የውጭ ዙሪያው ነው።

ሲባጎው እየተንሸራተተ ካስቸገረ በሒሳብም ይወጣል። የእርስዎ ሁለት ፑሊዎች ከመሃል እስከ መሃል 50 ሳንቲም ቢራራቁ እንበል። 50ን በ2 ሲያባዙ 100። የፑሊዎቹን ስፋት ሲደምሩ 39፣ በ1.57 ሲያባዙት 61 ከምናምን። የስፋታቸው ልዩነት 13 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 169፣ ለ200 (ለርቀቱ አራት እጥፍ) ሲካፈል አንድ ሳንቲም አይሞላም። ድምሩ 162 ይሆናል። አሮጌው ቺንጋ ላይ ያገኙት ይኸው ነበር።

ከርዝመቱ በፊት መታወቅ ያለበት ግን የቺንጋው የጀርባ (የላይኛው) ስፋት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ርዝመቱ ይሮጣል። ኤ 13 ሚሊሜትር፣ ቢ 17፣ ሲ 22 ይሰፋል። አሮጌው ጎኑ ስለተበላ ጠቦ ሊያስትዎት ይችላል፤ ቺንጋው የሚገባበትን የፑሊውን ቦይ አፍም በካሊፐር ይመልከቱ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ኤስፒቢ የሚባል አለ። ከላይ ሲያዩት ቢ ይመስላል፣ ስፋቱ 16 ሚሊሜትር ከምናምን ነው። ነገር ግን 13 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ቁጥሩም በሚሊሜትር ነው እንጂ በኢንች አይደለም። ለቢ ፑሊ «ይኼም ይሆናል» ቢሉዎት አይቀበሉ። የሣር ማጨጃ ያላችሁም ልብ በሉ። 4ኤል430 በሚል ቺንጋ ላይ 430 ማለት 43 ኢንች ነው፣ እሱም የውጭ ዙሪያው ነው፤ በኤ ቁጥር ሲፈለግ 41 ይሆናል። አንዳንዱ ማጨጃ ላይ ቺንጋው ራሱ እንደ ፍሪሲዮን እየላላና እየተወጠረ ይሠራል። እዚያ ላይ ለዚያው ሥራ የተሠራውን ይግዙ፤ ተራው ቶሎ ይቃጠላል።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ፑሊውን ይመርምሩ። ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ ነው፤ እንጨት ውስጥ እንደገባ ሽብልቅ። ከታች መንካት የለበትም። የፑሊው ቦይ ወለል እንደ መስተዋት ካበራ፣ ቺንጋው ሰምጦ ታች እየነካ ነው ማለት ነው። አዲሱ ቺንጋ ሲገባ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። በጣም ከሰመጠ ፑሊው አልቋል። እዚያ ላይ ቺንጋ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ይግዙ፣ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ዓይነት። አንዱ ደህና ስለሚመስል ብቻ አስቀርተው ከአዲስ ጋር አያጣምሩት። አጭሩ ጭነቱን ሁሉ ተሸክሞ ቀድሞ ይበጠሳል። ያን ያህል የጮኹት ሁለቱ ቢ64 ጎናቸው ተቃጥሎ አብረቅርቆ ሊሆን ስለሚችል ለመመለስ አይድከሙ። የሞተሩን መቀመጫ በብየዳ ላስረዝም ካሉም ይተውት። ለብየዳው የሚያወጡት ሁለት ቢ61 ሊገዛ ይችላል፣ ያበራው ጎን ግን አይድንም።

ሲገጥሙ በካቻቢቴ እየፈለቀቁ አያስገቡ። ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፣ ከውጭ ምንም አያዩም። ሞተሩን አቅርበው በእጅ ያስገቡ። ቀጥሎ በትልቁ ፑሊ ፊት ላይ ሲባጎ ወጥረው ትንሹም በዚያው መስመር ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሁለቱ ጠርዝ ውፍረት ከተለያየ ልዩነቱን ያስቡ። ውጥረቱን በሁለቱ ፑሊዎች መሃል ቺንጋውን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይሞክሩ። ለእርስዎ 50 ሳንቲም ርቀት 8 ሚሊሜትር ያህል ቢገባ ጥሩ ነው። እንደ ክራር ክር ጥርቅ አድርጎ መወጠር ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ጩኸት ለማጥፋት ዘይት ወይም ቅባት የሚቀቡም አሉ። እባክዎ አያድርጉት፤ ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ መንሸራተቱም ይብሳል።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ይለጠጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን መኖ ከከተፉ በኋላ አጥፍተው እንደገና ይወጥሩት። የጥቅምት ድርቆሽ ከመድረሱ በፊት ይህን ቢጨርሱ ይሻላል። መሸፈኛውን ብረት መልሰው ይግጠሙ፤ የሱሉልታን ዝናብና የገለባውን አቧራ ከቺንጋው ላይ፣ የልጆችን እጅም ከፑሊው ያርቃል። በመሸፈኛው ውስጠኛ ጎንም በቀለም «ቢ61፣ ሁለት» ብለው ይጻፉበት።