ካምፐሩ ከሴፕቲኩ 200 ጫማ ሲርቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ካምፐርህን፣ ያን በመኪና የሚጎተት ቤትህን፣ ወላጆችህ ግቢ ጀርባ፣ ዛፎቹ ስር አቁመሃል። የቤቱ ሴፕቲክ (ፍሳሽ የሚገባበት የተቀበረ ታንክ) ክሊን አውት፣ ማለትም የቧንቧው መክፈቻ አፍ፣ 200 ጫማ ያህል ይርቃል። መሃሉ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና አንድ ቦይ አለው። «የካምፐሩን ፍሳሽ እዚያ ለማድረስ 36 ጋሎን የሚይዘውን ባለ ጎማ ታንክ ልግዛ ወይስ ትንሹን?» ብለህ ነው የጠየቅከው። ብዙዎቹ «ትልቁን ግዛና ተገላገል» ብለውሃል። እኔ ግን ሁለቱንም አትግዛ እላለሁ። ለምን እንደምል ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ደክሜያለሁና።

እኔ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶአ ሸለቆ ውስጥ፣ የዘመድ መሬት ላይ ካምፐር አቁሜ አራት ሰመር አሳልፌያለሁ። የመጀመሪያው ሰመር ላይ አንተ ልትገዛ ያሰብከውን ዓይነት ታንክ ገዛሁ። 36 ጋሎን፣ አራት ጎማ፣ ፒካፕ ላይ የሚንጠለጠል እጀታ ያለው። ሱቅ ውስጥ ስታየው ቀላል ነው። ባዶውን በአንድ እጅ ትጎትተዋለህ። ሲሞላ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። 36 ጋሎን ማለት 300 ፓውንድ ነው፣ በኪሎ 136። ኩንታል ተኩል ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ያንን ፈሳሽ ይዘህ ነው በድንጋይ ላይ የምትሄደው። ፈሳሽ ደግሞ እንደ ጤፍ ከረጢት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጎማው ድንጋይ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጋልባል። ግማሽ የሞላው ታንክማ ይብሳል፣ የሚናወጥበት ቦታ አለውና። «እንግዲያው ግማሽ ግማሽ እያደረግኩ አመላልሳለሁ» እንዳትል።

ያን ዓመት ለቡሄ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ መጣ። ዘጠኝ ሰው ነበርን። ጥቁሩ ታንክ፣ ማለትም የሽንት ቤቱ፣ በሁለት ቀን ሞላ። ባለ ጎማውን ሞላሁና ፒካፑ ላይ አንጠልጥዬ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ታንኩ ላይ የተለጠፈው በሰዓት ከ5 ማይል በላይ አትንዳ ይላል፤ እኔ ከዚያም በታች ነበርኩ። መሃል ላይ አንዱ ጎማ በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ ተነቀለ። ታንኩ በጎኑ ወደቀ። ክዳኑ ተሰነጠቀ። ግማሽ ያህሉ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ሽታውን ተወው፣ እሱ ያልፋል። እኔን ያስደነገጠኝ የጎረቤቱ የጉድጓድ ውሃ ነው። ያ አካባቢ ከስሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ሉሬይ ዋሻን የጎበኘ ሰው ይገባዋል። ውሃ ድንጋዩን ለዘመናት ሸርሽሮ ስንጥቅና ዋሻ አድርጎታል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር እንደ ሌላው አፈር ቀስ ብሎ እየተጣራ አይወርድም። ስንጥቅ ካገኘ ቀጥ ብሎ ከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ይገባል። ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፣ የሚጠጡት ከዚያ ነው። በሩን አንኳኩቼ የሆነውን ነገርኳቸው። አፈሩን ዝቄ አነሳሁ፣ ቦታው ላይ ኖራ ነሰነስኩ፣ ውሃቸውንም ላብራቶሪ አስመረመርኩ። ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ስለዚህ እዚህ ግሩፕ ላይ «ትንሽ ከሆነ ጫካ ውስጥ ድፋው» የሚል ሰው ሳይ ያመኛል። ሕገ ወጥ መሆኑ ብቻ አይደለም። የሌላ ሰው የመጠጥ ውሃ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አዲስ አበባ ጠባብ ሰፈር ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የፍሳሽ መኪናው ሽንት ቤት ሊመጥ ሲመጣ መንደሩ ውስጥ አይገባም፣ አይችልማ። አስፋልት ዳር ይቆማል። ሰዎቹ ቱቦ በቱቦ ላይ እየቀጠሉ፣ በሰው አጥር ስር፣ በቦይ ላይ አድርገው ጉድጓዱ ድረስ ያደርሳሉ። መኪናው ባለበት፣ ጉድጓዱም ባለበት ነው። የሚሄደው ፍሳሹ ብቻ ነው። አንተም ማድረግ ያለብህ ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ አንተ ትገፋለህ እንጂ አትመጥም።

መሣሪያው ማሰሬተር ፓምፕ ይባላል። በ12 ቮልት ይሠራል። ካምፐሩ ፍሳሽ መውጫ ላይ ይገጠማል። ውስጡ ስለት አለው፣ ወረቀቱንና ደረቁን ፈጭቶ እንደ ሾርባ ያቀጥነዋል። ስለዚህ ያ ወፍራሙ 3 ኢንች ቱቦ አያስፈልግህም። 1 ኢንች ቱቦ ይበቃል። 1 ኢንች ቱቦ ደግሞ በድንጋይ መሃል፣ በሥር ላይ፣ በቦይ ውስጥ እንደ እባብ ይሄድልሃል። መሬቱ ሻካራ መሆኑ ግድ አይሰጠውም። ትንሽ ዳገት ቢኖርም ይገፋዋል።

ብዙ ሰው የአትክልት ማጠጫውን 3/4 ኢንች ቱቦ ይጠቀማል። ይሠራል፣ ግን ለ200 ጫማ አልመክርህም። በተመሳሳይ ግፊት 1 ኢንቹ ከ3/4ቱ እጥፍ ያህል ያሳልፋል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ይህ ልዩነት ይሰማሃል። ፓምፑ ሳጥን ላይ በደቂቃ 12 ጋሎን ገደማ የሚል ታያለህ፣ ያ ለአጭር ቱቦ ነው። እኔ በ200 ጫማ 1 ኢንች ቱቦ የካምፐሬን 35 ጋሎን ታንክ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅብኛል። ያ ታንክ በባለ ጎማው ሙሉ ከሰዓት ይወስድብኝ ነበር።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ባዶ አይደለም። 200 ጫማ 1 ኢንች ቱቦ ውስጡ 8 ጋሎን ይይዛል። ሳታውቅ መገጣጠሚያውን ብትፈታ እግርህ ላይ ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥቁሩን ታንክ አስቀድም፣ ግራጫውን፣ ማለትም የገላና የእቃ መታጠቢያውን ውሃ፣ አስከትል። የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥብልሃል። ከዚያ ካምፐሩ ጋ ያለውን ቫልቭ ዘግተህ ቱቦውን ፍታና ትከሻህ ላይ እያነሳህ ወደ ሴፕቲኩ ተራመድ። ከፊትህ ያለው ሁሉ ወርዶ ያልቃል። ሴፕቲኩ ከካምፐሩ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ሲቆም ፍሳሹ ተመልሶ ወዳንተ ይመጣል። ለዚህ ነው ከፓምፑ መውጫ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ግድ የሚሆነው። አትለፈው፣ ርካሽ ነው።

ሴፕቲኩ ጋ ያለውን ጫፍ ሳታስር ፓምፑን አታስነሳ። ግፊቱ ሲመጣ ቱቦው ይዘላል። ክሊን አውቱ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኢንች ነው። እሱን የሚገጥም ክዳን ገዝተህ፣ ክዳኑ ላይ የቱቦ ማያያዣ አስገጥምና ጠበቅ አድርገህ ዝጋው። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ይይልህ፣ በስልክ ተነጋገሩ። የመጀመሪያውን ጊዜ በንጹህ ውሃ ብቻ ሞክረው። የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ካለ በውሃ ጊዜ ታገኘዋለህ።

ፓምፑ ያለ ፈሳሽ መዞር አይወድም። ታንኩ እንዳለቀ በድምፁ ታውቀዋለህ፣ ቀጠን ብሎ ይጮሃል። ወዲያው አጥፋው፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይቃጠላል። የሚስበው ኃይልም ቀላል አይደለም፣ 20 አምፒር ድረስ ይሄዳል። ቀጭን ሽቦ ይሞቅብሃል። ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዝ፣ የተሞላ ባትሪ።

ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚገባውን ነገር ተቆጣጠር። የሕፃን መጥረጊያ ሶፍት፣ ሞዴስ፣ የጥርስ ክር፣ ፀጉር፣ እነዚህ ስለቱ ላይ ተጠምጥመው ፓምፑን ያቆሙታል። ያኔ በእጅህ ነው የምታወጣው። እሽጉ ላይ «ሽንት ቤት ውስጥ መጣል ይቻላል» የሚለውንም አትመን። የሽንት ቤት ወረቀትህን መፈተን ከፈለግክ ጥቂት ቁራጭ ወረቀት ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተህ ናጠው። ከተበጣጠሰ ጥሩ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይህን በደግነት መንገር ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። እኔ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የጥቁሩን ታንክ ቫልቭ ክፍት አድርገህ አትተው። ውሃው ብቻ እየሄደ ደረቁ ከስር ይከመራል፣ በኋላም እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ሁለት ሦስተኛ ያህል እስኪሞላ ዘግተህ ጠብቅ። ውሃ አትቆጥብ። ፎርማልዴሃይድ ያለበትን የሽታ መድኃኒት ሴፕቲክ ውስጥ አታስገባ፣ እዚያ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። በረኪናም እንዲሁ። በኢንዛይም የሚሠራውን ዓይነት ፈልግ።

ስለ ሴፕቲኩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፣ የወላጆችህ ቤት ነውና። የተፈጨ ፍሳሽ ቶሎ አይዘቅጥም። ብዙ በአንዴ ከላክህበት ደቃቁ ሳይረጋ ወደ ማስረጊያው ሜዳ፣ ማለትም ከታንኩ የወጣው ውሃ አፈር ውስጥ ወደሚሰርግበት ቦታ፣ ሊያልፍና ቧንቧዎቹን ሊደፍን ይችላል። ያንን ማሠራት ብዙ ገንዘብ ነው። እናትህ ልብስ በሚያጥቡበት ቀን አትልቀቅ። ታንኩ ከተመጠጠ ስንት ዓመት እንደሆነው አባትህን ጠይቃቸው። የማያስታውሱ ከሆነ መጀመሪያ አስመጥጠው። እና እባክህ ፒካፑን በታንኩም ሆነ በማስረጊያው ሜዳ ላይ አትንዳ። ባለ ጎማውን ታንክ የማልወድበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። አቋራጭ ስትፈልግ ሳታውቀው የምትነዳው እዚያው ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የካውንቲው ጤና ቢሮ ደውል። ሴፕቲክ የሚሠራው በቤቱ መኝታ ክፍል ብዛት ተለክቶ ነው። ካምፐር ሲጨመርበት ይፈቅዳሉ ወይ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ እሱን ከነሱ ስማ። አንዱ ካውንቲ የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል።

«ለዓመታት ነው የምቀመጠው» ካልክ ነገሩ ይቀየራል። ያኔ 3 ወይም 4 ኢንች ቧንቧ ቀብሮ በራሱ ቁልቁለት እንዲወርድ ማድረግ ነው የሚሻለው። በእያንዳንዱ ጫማ ሩብ ኢንች ቢወርድ ይመረጣል። ለ200 ጫማ 50 ኢንች ማለት ነው፣ አራት ጫማ ከ2 ኢንች። መሬትህ ያን ያህል ካልወረደ ቧንቧው ያስቸግራል። ድንጋዩን ቆፍሮ ማስገባትም በማሽን ነው፣ ፈቃድም ይጠይቃል። ለአንድ ሁለት ሰመር ከሆነ ግን ለዚህ ገንዘብ አታውጣ።

ክረምቱን፣ ማለትም የበረዶውን ወቅት በተመለከተ፣ ቱቦውን ሜዳ ላይ አትተው። ውስጡ የቀረው በረዶ ይሆንና ይሰነጥቀዋል። ጠቅልለህ፣ ሁለቱን ጫፍ በክዳን ዘግተህ፣ ከመጠጥ ውሃው ቱቦ የተለየ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው። ሁለቱ ቱቦዎች በአንድ ቦታ እንዳይቀመጡ። ቀለማቸውም የተለያየ ይሁን፣ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳያገናኛቸው። ጓንት ሁልጊዜ፣ ልጆች ሁልጊዜ ራቅ ብለው።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ለካልኝ። አገር ቤት ግንበኞች የሚይዙትን የውሃ ልክ ታውቀዋለህ አይደል፣ ውሃ የገባበት ግልጽ ቱቦ? በሱ ክሊን አውቱ ከካምፐሩ መውጫ ስንት ጫማ እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ እይ። ረጅም ቱቦ ካላገኘህ በ50 ጫማ ቱቦ አራት ጊዜ እያሻገርክ መለካት ትችላለህ። ቁጥሩን ከስር ጻፍልኝ፣ ለዳገቱ የሚበቃ ፓምፕ የትኛው እንደሆነ አብረን እናያለን።