መስመር ይሳላል ወይስ ይሰመራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቤት ኪራይና ከታክሲ ተራ ያለው ርቀት እንዴት እንደሚያያዙ አጠናሁ። መጠይቁን ለሞሉልኝ ጎረቤቶቼ ውጤቱን በአማርኛ ስጽፍ «በነጥቦቹ መሃል የሪግሬሽን መስመር በአር ሳልኩ» አልኩ፤ አር የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው፣ መስመሩም ኪራዩ ከርቀቱ ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «አሰመርኩ በል» አለኝ። ሌላው «የሠራው ሶፍትዌሩ፤ አንተ ምን አሰመርክ?» ብሎ ሳቀብኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ከመጀመሪያው ጓደኛህ ጋር ነኝ።

«ሳለ» የተጨናነቀ ግስ ነው። ግእዙ በፊደል ይለየው ነበር፦ ሠዐለ ሥዕል ሠራ፣ ሰዐለ ጉንፋን አሳለው፣ ሰሐለ ቢላ ሞረደ፣ ሰአለ ለመነ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ሦስቱ አንድ ላይ ወደቁ። «ልጁ ይስላል» ብትለኝ ጉንፋን ይዞታል? ቢላ ይዟል? እርሳስ ይዟል? አራተኛው ደግሞ «ተሳለ» እና «ስለት» ውስጥ ተደብቋል። «ስለት» ራሱ የቢላም የቤተ ክርስቲያንም ነው፤ እሱን ዛሬ አንነካውም።

ቤቴ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ነው፤ ዙሪያው ግንባታ ነው። በቀደም አንድ አናጺ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ረዳቱን «ጣውላውን ያዝልኝ፣ ላስምር» አለው። «ልሳል» ቢለው ሞረድ ያቀብለው ነበር።

«ግራፍም ሥዕል ነው፣ ስለዚህ ይሳላል» የሚሉ አሉ። አይዋጥልኝም። ሠዓሊ እጁን ወደ ፈለገበት ይወስዳል። ያንተ መስመር ግን ምርጫ የለውም። ከእያንዳንዱ ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር፣ ድምሩ ከሁሉ የሚያንስበት ላይ ያርፋል። ፈረንሳዊው ሌዣንድር ይህን ስልት ያሳተመው በ1805 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ኮምፒውተር የት ነበር? «መሳል» ከውጭ ቋንቋ የመጣ አባባል ነው እንዳይሉም፣ ሌላው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስ ሜኑው ላይ መስመር «ጨምር» ነው የሚለው። አር ውስጥ ያለው የመስመር ትእዛዝ፣ ኤቢላይንም (abline)፣ ስሙን ያገኘው ከኤ እና ከቢ ነው፤ መስመሩ ከሚነሳበት ቁመትና ከተዳፋቱ ማለት ነው። መሳል የሚባል ነገር የለበትም።

ለሳቀብህ ጓደኛህ መልሱ «በ» የምትለዋ ፊደል ናት። በማስመሪያ ያሰመረን ሰው «ያሰመረው ማስመሪያው ነው» የሚለው የለም። «በአር አሰመርኩ» በል፤ አለቀ።

«‘አሰመረ’ም እኮ መንታ ነው፣ ጉዳይ ሲሳካ ሰመረ እንላለን» የሚል ይመጣብህ ይሆናል። ይምጣ። ከሳል ጋር ከመምታታት ከመሳካት ጋር መምታታት ይሻለኛል። ይሄ ማስረጃ ሳይሆን የኔ ምርጫ ነው።

እውነቱን ካወራን፣ ትምህርት ቤቱ «ግራፍ ሳሉ» ብሎ ጨርሶታል፤ ተማሪውም መምህሩም ይግባባበታል። ስለዚህ «ሳልኩ»ን ስህተት ነው ብዬ በቀይ አላሰምርበትም። ባለፈው እሑድ ልጄን የቤት ሥራ ሳስጠናት «በይ ግራፉን ሳዪው» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ።