ዩሪያው ወደ ጉማራ እየሄደ ነው

ጥያቄ፦ የበቆሎ ማሳዬ ከጉማራ ወንዝ ጋር ይዋሰናል። ሐምሌ ላይ ዩሪያውን በደንብ አድርጌ ጨምሬበት ነበር። ሆኖም ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ በወንዙ በኩል ያለውማ ይብሳል። ሌላ ዩሪያ ልድገመው? (ከፎገራ)

መልስ፦ በዚህ ዝናብ አይድገሙት። ቢጫነቱ ከታችኛው ቅጠል መጀመሩ ናይትሮጅን እንዳነሰው ያሳያል። ዩሪያ እየበላ ናይትሮጅን ካነሰው፣ ዝናቡ አጥቦ ወስዶት ይሆናል። ባይጽፉልኝም እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ አርሰዋል ብዬ እገምታለሁ። ይህን በየወንዙ ዳር አያለሁ፤ አዝናለሁም። የመጨረሻዎቹ ፈሮች የሚሰጡት እህል ጥቂት ነው፤ የሚያስወስዱት አፈር ግን ብዙ ነው።

ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። አፈር ውስጥ ውሎ አድሮ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬትን ደግሞ አፈር አይዘውም፤ ውሃ ወደሄደበት ይሄዳል። በጉማራ በኩል ጣና ይገባና እምቦጭ ይቀልባል።

ብዙ ወጪ የሌለው መፍትሔ አለ። ከወንዙ ዳር 5 ሜትር ያህል ሳያርሱ ይተዉና ዝሆኔ ሣር ይትከሉበት። ክረምቱ ሲገባ ሦስት አንጓ ያለውን ቁራጭ ዘንበል አድርገው፣ ሁለቱን አንጓ አፈር ያልብሱት። በቁራጮቹ መካከል ግማሽ ሜትር ይተዉ። ሣሩ ጎርፉን ያዘገያል፣ ሥሩ ዳሩን ከመናድ ይይዛል፣ ናይትሬቱንም ይመጠዋል። ከሥሩ ያመለጠው ርጥቡ የዳር አፈር ውስጥ ይገባል። እዚያ ኦክስጅን የለም። የበሰበሰ ሥር የሚመገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬቱን ይጠቀሙበትና ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይለቁታል። አፈሩ ሞቃት ሲሆን ይህ ሥራ ይፈጥናል።

ሣሩ አንድ ሜትር ሲደርስ እያጨዱ ለከብት ይስጡ። ካላጨዱት እዚያው ወድቆ ይበሰብስና የያዘውን ናይትሮጅን መልሶ ይለቀዋል። ከብቶቹን ግን አያስገቡበት፤ ዳሩን ይረግጡታል፣ እበታቸውም ወንዝ ይገባል።

አንድ ነገር አደራ። ከማሳው ውሃ የሚያወጣው ቦይ ሣሩን አቋርጦ ቀጥታ ወንዝ ከገባ ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው። ቦዩን ሣሩ ጋ ሳይደርስ በማሳው በኩል ይድፈኑትና ውሃው በሣሩ ላይ ተበትኖ ይለፍ።

ለከርሞ ዩሪያውን አንዴ አይጨርሱት። ከፍለው ይጨምሩ፤ ዋናውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከባድ ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን፣ ከተክሉ ጎን አድርገው አፈር ያልብሱት።