«ለሻምበሉ ምን ልጠይቃቸው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዝግጅት ክፍሉ አባላት። የ10ኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። በሰፈራችን የሚኖሩ፣ በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግሉና የረጅም ርቀት ሯጮችን የሚያሠለጥኑ አንድ ሻምበል ቃለ መጠይቅ ሊሰጡኝ ፈቅደውልኛል። 20 ጥያቄዎች አዘጋጅቼ ለአጎቴ ባሳየው «ይህማ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ስለ ጦርነት አንድም ነገር እንዳላነሳ አስጠንቅቃኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ የስፖርት ሰዎች ማዕረግ ለክብር ያህል የሚሰጥ ስለሆነ ውትድርናውን ትቼ ስለ ሩጫ ብቻ እንድጠይቃቸው ትመክረኛለች። የማንን ልስማ? ስጠራቸውስ ምን ብዬ ልጥራቸው?
የ16 ዓመት ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አጎትሽም እናትሽም የየድርሻቸውን ያህል እውነት አላቸው። ጓደኛሽ ግን ተሳስታለች፤ ጥያቄዎችሽ የሚቃኑትም የሚበላሹትም በእርሷ ነጥብ ላይ ስለሆነ ከእርሷ እጀምራለሁ።

የአገራችን አትሌቲክስ ከጦር ሰፈር ተለይቶ የኖረበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። አሠልጣኙ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ትውልዱ ፊንላንድ፣ ዜግነቱ ስዊድን የሆነ ሰው ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የስዊድን መኮንኖች ክብር ዘበኛን በሚያሠለጥኑበት ጊዜ ነው። በሜክሲኮ ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ የዚያው የክብር ዘበኛ ልጅ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ ከማረሚያ ቤቶች፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከፖሊስ የወጡ መሆናቸውንም አትርሺ። ከድል በኋላ ለሽልማት የተሰጠ ማዕረግ መኖሩ አይካድም፤ ጓደኛሽን ያሳሳታትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ማዕረጉ ከመምጣቱ በፊት ደመወዛቸውን፣ እንጀራቸውንና የልምምድ ጊዜያቸውን ያገኙት ከዚያው መለዮ ነው። ሁሉም ታላቅ አሠልጣኝ ወታደር ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። የአንቺ እንግዳ ግን ሁለቱንም ሥራ በአንድ ገላ የያዙ ሰው ናቸውና፣ አንዱን ጎን ቆርጠሽ ብትጠይቂ የምታገኚው ግማሽ ሰው ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ሥራዎች የት ላይ ይጋጫሉ? በእኔ አስተያየት ቃለ መጠይቅሽ ሊቆፍር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሻምበሉ በማዕረጋቸው አንድን ወጣት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ እንዲሰለፍ ማዘዝ ይችላሉ፤ ወጣቱም ይነሣል። ነገር ግን በ10,000 ሜትር ውድድር የመጨረሻው ዙር ደውል ሲደወል በትእዛዝ ፍጥነት የጨመረ ሯጭ የለም። ምሩጽ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ሌሎቹ ጉልበታቸውን በጨረሱበት ሰዓት ተፈትልኮ ስለሚወጣ ነው፤ ያን ቅጽበት የሚመርጠው ራሱ ነበር እንጂ ከመሙ ዳር የቆመ አለቃ አልነበረም። ስለዚህ ሻምበሉን «ሠልጣኝዎ ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ እንዳይሆን፣ በራሱም እንዲወስን የሚያደርጉት እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም በይና ጠብቂ።

ከዚህም የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ስለ ሕመም ነው። የሠራዊት ሥርዓት ሰው ሕመሙን ችሎ እንዲቆም ያስተምራል፤ የጦሩ የስፖርት ክለብ «መቻል» ተብሎ መሰየሙንና ምድር ጦርና መከላከያ የተባሉ ስሞችን ካፈራረቀ በኋላ በቅርብ ዓመታት ወደዚሁ ጥንታዊ ስሙ መመለሱን ልብ በይ። አሠልጣኝ ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ሠልጣኙ ጅማቱ ሳይበጠስ በፊት «አመመኝ» እንዲለው ይፈልጋል። የአበበን ሁለት ውድድሮች ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳለ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ፣ መስመሩን ካለፈ በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹን አስደንቋል። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ግን የእግሩ ጉዳት ስላላስቻለው 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋርጧል፤ ወርቁን ያመጣው ማሞ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ጽናት፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች። ሕመም መቼ የሚቻል፣ መቼ ደግሞ የሚሰማ እንደሆነ ሻምበሉ በምን እንደሚለዩ ጠይቂያቸው። ይህን ጥያቄ በልቡ ሳያብሰለስል የኖረ አሠልጣኝ ያለ አይመስለኝም።

ወደ አጎትሽ ልለፍ። ከላክሽልን 20 ጥያቄዎች ውስጥ ሰባቱ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሚገኙ ናቸው፦ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን። እነዚህን ቀደም ብለሽ ከቤተሰብ ወይም ከራሳቸው በአጭሩ ጠይቀሽ ጨርሺያቸው። «ስሜቱን እንዴት ይገልጹታል?» እና «ለወጣቱ ምን መልእክት ያስተላልፋሉ?» የሚሉትን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ሰርዣቸዋለሁ፤ እኛ ጋዜጠኞች ለዓመታት ስንጠይቃቸው ኖረን ያገኘነው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በምትካቸው አንድ ቀን አስቆጥሪያቸው፤ ለምሳሌ ያለፈውን ማክሰኞ። ስንት ሰዓት ተነሡ፣ ሯጮቹን ይዘው ወደ እንጦጦ ወጡ ወይስ ሱሉልታ ሄዱ፣ ማን አረፈደ፣ የሰዓት መያዣው ምን አሳየ፣ ወደ ቢሮ የተመለሱት መቼ ነው? ሰው አንድን ቀን ሲተርክ ጠባዩ ሳይታወቀው ይወጣል።

የእናትሽ ማስጠንቀቂያ ከፍቅር የመጣ ነውና አታቃልዪው፤ በዚህ ጉዳይ በየቤቱ ያልተጎዳ ሰው የለም። የት ግንባር እንደነበሩ፣ ምን እንዳዩ፣ ማንን እንዳጡ አንቺ ቀድመሽ የምታነሺው ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ የወታደር ስፖርተኛ ሕይወት ከዘመኑ ሁኔታ ተነጥሎ አያውቅም፤ ማሞ ወልዴ ሯጭ ሆኖ ከመታወቁ በፊት ኮሪያ ዘምቶ ነበር፤ የሮም ድል ሦስት ወር እንዳለፈው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣውን ሙከራ የመራውም የአበበ ጦር ክፍል የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበር። ስለዚህ «ግዳጅ መጥቶ ልምምድ ሲቋረጥ ቡድኑን እንዴት ይዘው ይቆያሉ?» ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለበትም። በሩን ከፍተሽላቸዋል፤ ከፈለጉ ይገቡበታል፣ ካልፈለጉ ስለ ልምምድ ብቻ ይመልሱልሻል። ቀለል ያለ ጥያቄ ካሻሽ ደግሞ የዓለም አቀፉ የወታደራዊ ስፖርት ምክር ቤት ውድድሮችን አንሺ። ምክር ቤቱ በ1948 እ.ኤ.አ. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛ ዓመቱ ተመሥርቶ «በስፖርት ወዳጅነት» የሚል መርሕ የያዘ ነው፤ የመጀመሪያውን የወታደሮች የዓለም ጨዋታ በ1995 ያስተናገደችውም፣ እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ ያችው ሮም ናት።

ስለ ካምፕ አቀማመጥ፣ ስለ ሠራዊቱ ቁጥርና ስለ መሣሪያ አትጠይቂ፤ ፎቶግራፍም ሳያስፈቅዱሽ አታንሺ። ሻምበሉ የክፍላቸውን የሕዝብ ግንኙነት ማስፈቀድ ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ከሳምንት በፊት አስታውሺያቸው።

አጠራሩን በተመለከተ፣ «ሻምበል» ብለሽ በ«እርስዎ» ቀጥዪ፤ «ጋሼ» የምትያቸው ከሆነ ቃለ መጠይቁ ሲያበቃ ተመለሺበት። ሯጮቹ ሜዳ ላይ «ኮች»፣ ሰልፍ ላይ «ሻምበል» እንደሚሏቸው እገምታለሁ፤ ለየትኛው ስም ቶሎ እንደሚዞሩ ብትጠይቂያቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከዚያችው ተማሪ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ ቃለ መጠይቁን አደረግኩ። ለየትኛው ስም እንደሚዞሩ ስጠይቃቸው «ባለቤቴ ስትጠራኝ ነው የምዞረው» ብለው ሳቁ። ስለ ሕመም ስጠይቃቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ጉዳቱን ከእርሳቸው ደብቆ ሲሮጥ ቆይቶ በመጨረሻ ሩጫን ስላቆመ አንድ ልጅ ነገሩኝ። «እኔን ፈርቶ ነው፤ ኮቹን ሳይሆን ሻምበሉን ፈርቶ» አሉ። ሲጨርሱ «ይህን እንኳ አትጻፊው» አሉኝ። ድምፁ በስልኬ ተቀድቷል። የክበባችን አዘጋጅ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ስለሆነ ይውጣ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዘጋጃችሁ የጽሑፍ ጣዕም አለው፤ በእርግጥም ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ያ ነው። ቢሆንም አትጻፊው። በእኛ ሥራ «ይህ አይጻፍ» የሚባለው ከመናገር በፊት እንጂ ከተናገሩ በኋላ አይደለም የሚል ልማድ አለ፤ ባለሥልጣንን ስንጠይቅ በጥብቅ እንይዘዋለን። ሻምበሉ ግን ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲያወሩ ይህን ደንብ ያውቃሉ ብሎ መገመት ተንኮል ይሆናል። ደግሞም ታሪኩ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ያ ልጅ ዛሬ የሆነ ቦታ በሌላ ሥራ ላይ ይገኛል፤ ሠፈሩም ስሙ ባይጠቀስ እንኳ ያውቀዋል።

አንድ መንገድ ግን አለሽ። ተመልሰሽ ሂጂና ታሪኩን ሳይሆን ከታሪኩ በኋላ ያደረጉትን ጠይቂያቸው፦ ከዚያ ወዲህ ሠልጣኝ ሕመሙን እንዲነግርዎ ምን ለወጡ? ምናልባት ጠዋት ጠዋት ማሟሟቂያው ሳይጀመር እያንዳንዱን ለብቻ ያናግሩ ይሆናል፤ ምናልባትም ወደ ልምምድ ሜዳ መለዮ ለብሰው መምጣት ትተው ይሆናል። ይህን ከነገሩሽና ከፈቀዱልሽ፣ ልጁን ሳታነሺ የመልሳቸውን ክብደት አንባቢሽ ይረዳዋል። ካልፈቀዱም ያለዚያ ክፍል አትሚው፤ የማክሰኞው ቀን ትረካ ብቻውን ሁለት ገጽ ይሞላልሻል።

ቅጂውን ከስልክሽ ላይ ያንን ክፍል ቆርጠሽ አጥፊው፤ ለአዘጋጁም አትላኪለት። ጽሑፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ራስሽ ይዘሽላቸው ሂጂ፤ ከልምምድ የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቀሽ ይሁን።