የሥራ ልምድ ወረቀትህ የት ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ እኔ ቤት አደረ። ሌቭል 4 ጨርሶ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈ ኤሌክትሪሽያን ነው። ሥራ ከፈታ ዓመት ሊሞላው ነው። ቡናው ገና አቦል ላይ እያለ ከቦርሳው አንድ ደብተር አወጣ። ፒያሳ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ከፍሎ ሥልጠና ሲገባ የተሰጠው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የአምስት ዓመት ግቤ» ይላል። ከሥሩ እንደ ትእዛዝ ተደርድሯል፦ የምትወደውን ሥራ ብቻ ሥራ። ከምቾት ቀጠናህ ውጣ። ወደ ላይ የማይስቡህን ሰዎች ከሕይወትህ አስወጣ። ስኬት ምርጫ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ ግብህን ስትጽፍ ስንት ዓመትህ ነበር?» አለኝ።

እኔ ግብ ጽፌ አላውቅም። 35 ዓመት የሽመና ማሽን ስጠግን ኖሬ ነው በ60 ዓመቴ ጡረታ የወጣሁት። በዚያ ሁሉ ዘመን የጻፍኩት ነገር ቢኖር የጥገና መዝገብ ነው፤ የትኛው ማሽን በስንት ሰዓት ቆመ፣ ምኑ ተበላሸ፣ ማን ነካው፣ ምን ተቀየረለት። ታዲያ ደብተሩን ሳገላብጥ የፈለግኩት ያንኑ ነበር። ይህ ምክር የሠራላቸው ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው ያወራሉ። ያንኑ አድርገው የቆሙትስ የት ተመዘገቡ? የተስተካከለውን ማሽን ብቻ ጽፎ የቆመውን የሚዘል ሠራተኛ ብታገኙ ፎርማኑ ምን እንደሚለው መገመት አያቅታችሁም።

ልጁ አልተሸነፈልኝም። እንደ ፈረንጆቹ በ1953 በዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ተደርጎ ግባቸውን የጻፉት ተመራቂዎች 3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ግን የእነዚያ ሀብት ከቀሩት 97ቱ ድምር በልጦ እንደተገኘ አሠልጣኙ ነግሯቸዋል። ልጄ ስልኳን አንስታ ፈለገችው። ጥናቱ የለም፤ ዩኒቨርሲቲውም ፈልጎ አጥቶታል። በየአገሩ አዳራሽ ስንት ዘመን ሲጨበጨብለት የኖረው ያልተደረገ ጥናት ነው። «ልማድ በ21 ቀን ይተከላል» የሚለውም መነሻው አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ ታካሚዎቹ የጻፈው ትዝብት ነው። የለንደን ተመራማሪዎች ቆይተው 96 ሰው ተከታትለው ሲለኩት አማካዩ 66 ቀን ሆነ፤ በ18 ቀን የለመደ ሊኖር ይችላል፣ 254 ቀን የሚፈጅበትም አለ። በ22ኛው ቀን «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብላችሁ ደብተሩን የጣላችሁ ካላችሁ፣ አብሽሩ።

«ከምቾት ቀጠናህ ውጣ» የሚለውን ሳነብ ደግሞ ሳቄ መጣ። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ተራ ገብተው የሚተኙ የሌሊት ሺፍት ሠራተኞች ጎረቤቶች አሉኝ። ምቾቱን መጀመሪያ አሳዩአቸውና ከዚያ ይውጡ።

የምትወደውን ሥራ ስለሚለው። እኔ ጥገና ክፍል የገባሁት ሌላ ክፍት ቦታ ስላልነበረ ነው። የሽመና አዳራሽ ውስጥ ጩኸቱ አፍ ለአፍ ገጥመህ እንኳ አያሰማም፤ የምንግባባው በእጅና በከንፈር ነበር። ለዓመታት ጠላሁት። አንድ ሌሊት አንድ ማሽን ድሩ ሳይበጠስ እንደተበጠሰ እየቆጠረ ደጋግሞ ቆመ። ነባሮቹ ዕቃ ቀይረውለት ሄደዋል። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ ሥሩ ተኝቼ ሳየው የጥጥ ብናኝ ተጋግሮበት ነው። ጠረግኩት፣ ተነሣ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሥራውን ወደድኩት ብል አልዋሽም። ግን አብሮኝ የገባው ጓደኛዬ እስከ ጡረታው ቀን ድረስ አልወደደውም። አራት ልጆች አስተምሮበታል፤ እጁም ከእኔ እጅ ይሻል ነበር። የእሱን ኑሮ ጎዶሎ ነው የሚል አሠልጣኝ ቢመጣ ደስ አይለኝም።

«ሰዎችን አስወጣ» የሚለው ግን ያናድደኛል። ፋብሪካው ሰው እንደሚፈልግ የነገረኝ የቅርብ ጓደኛዬ አይደለም፤ ጓደኞቼማ እንደ እኔው ሥራ ፈላጊ ነበሩ። የነገረኝ የእናቴ ቅሬ (ዕድር) አባል የነበረ አንድ ሰውዬ ነው። ለቅሶ ላይ ድንኳን ስንተክል ብቻ በዓመት ሁለት ጊዜ ብንገናኝ ነው። «ወደ ላይ የሚስብ» መልክ አልነበረውም፤ ጥበቃ ነበር። ጥበቃ ደግሞ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ያውቃል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባሉ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ቦስተን አጠገብ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ሲጠይቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወሬውን የሰሙት ከሰው ነበር። ያን የነገራቸውን ሰው ዘወትር የሚያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው የነገራቸው። የእኛ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል፤ ቅሬ የሚቀር ወጣት ወሬ ይቀርበታል።

አሁን ደብተሩ ውስጥ ፈልጌ ወዳጣሁት ነገር ልምጣ። ከፋብሪካው በፊት ደሴ አንድ የብረት ሥራ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቼአለሁ። አንድ ቀን ባለቤቱ ሰው ፊት ሰደበኝ። ፒንሳውን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ዛሬ ቢሆን «ራስህን አከበርክ» ተብሎ ይጨበጨብልኛል። ፋብሪካ ስቀጠር የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ተመልሼ እንዳልጠይቅ ኩራቴ አልፈቀደም። ሦስቱ ዓመት እንዳልነበሩ ተቆጥሮ ከጀማሪ ጋር ተመደብኩ፤ ደመወዜ ከእኩዮቼ ጋር እስኪስተካከል ስንት ዓመት ወሰደ። ለአንድ ደቂቃ ክብር የከፈልኩት ይህን ነው።

እናንተ ግን ሕግ አላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ስትለቁም ሆነ በማንኛውም ጊዜ ስትጠይቁ፣ አሠሪው የሠራችሁትን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገላችሁበትን ዘመንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጣችሁ ያስገድዳል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እየተባላችሁ ዓመት አትገፉ። ጡረታውንም ተከታተሉ። ከእናንተ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው። የእናንተ ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ ቢቀር የምታውቁት ስትጠይቁ ነው። ወርሃዊ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ይህ አዳራሽ ውስጥ አያስጨበጭብም፤ እኔ ግን ዛሬ ቡና የምጠጣው በዚሁ ነው።

አራተኛው መስመር ቀርቷል፤ ስኬት ምርጫ ነው የሚለው። የጎረቤቴ ልጅ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ክረምት ከተመረቀ በኋላ ስፌት ላይ ገባች። ከኦፕሬተርነት ሱፐርቫይዘር ሆነች። አርፍዳ አታውቅም፣ ማታ ትማር ነበር፣ ቁጠባም ነበራት። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ ብዙ ፋብሪካ ተዘርፎ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ተሰረዘች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት፣ ትእዛዝ ቀነሰ። ልጅቱ ሥራዋን አጣች። ዛሬ ቤቷ ቁጭ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ ከእነዚህ ተናጋሪዎች አንዱን ስታዳምጥ ደረስኩ። አጠፋችውና «ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ?» አለችኝ። እኔ መካኒክ ነኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት። መብራት ሲጠፋ አዳራሹ በሙሉ ይቆማል። ያን ጊዜ ማሽኑን የሚፈታ መካኒክ የለም። መጀመሪያ መስመሩን ነው የምናየው።

ለእህቴም ልጅ ደብተሩን ጣል አላልኩትም። ወረቀቱ ጥሩ ነው። እሑድ ጠዋት አዲስ ገጽ ገልጠን መስመር አሰመርንበት፦ የት አመለከትክ፣ መቼ፣ ማን ነገረህ፣ ምን አሉህ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሲቀር ራሱም ታየው። ከዚያ ሥራ ከመፍታቱ በፊት 14 ወር ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር ሕንፃ ላይ መብራት እንደዘረጋ ነገረኝ። «የሥራ ልምድ ወረቀትህ የት ነው?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ተጣልተው ነበር የተለያዩት።

ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ደሴ ወጣ። የተቋራጩ ቢሮ ሆጤ አካባቢ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «ማኅተም ያዡ የለም፣ ነገ ና አሉኝ» አለ።

ነገም ሂድ አልኩት።